የአረንጓዴው ክር ምስክርነት

«ይሄማ ተተርትሮ ክሩ ለሌላ ነገር ይሁን» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ በጅምር የቀረውን ሹራብ ከነመርፌው ከወንበሩ ላይ አንስታ።

«እትዬ፣ እሱን እንዳይነኩት!» አለች ቅመም።

አክስቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሟቿን ሲያነሳ፣ ቅመም ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለችም ነበር። ያቺ አፏ የማያርፈው! «ቅመም» ብላ ስም ያወጣችላትም አክስቷ ነበረች።

«ተያት» ስትል ለልብስ ሰፊዋ አንሾካሾከች እናቷ። «መጽሐፏን አጣጥላባት፣ እህቴ ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል ሳትናገር ሞተች።»

ቅመም ሰማች። ሹራቡን ታቅፋ አክስቷ ክፍል ገባች።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሷና አክስቷ እዚሁ መስኮት ሥር ነበሩ። አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሹራብ ስትሠራ ኖራ፣ በስተርጅና በሦስት ደብተር የወንጀል ልብ ወለድ ጻፈች፤ አንዲት ሹራብ ሠሪ አሮጊት ነፍሰ ገዳይ የምታሳድድበት። የመጀመሪያዋ አንባቢ ቅመም ናት።

«እህስ፣ ዳኛ?» አለች አክስቷ ከሥራዋ ቀና ሳትል። ሰማያዊው ክር አልቆባት ያን ዕለት አረንጓዴውን መጀመሯ ነበር።

«የአሮጊቷን የክር ሱቅ ስታወሪ ክሩን የነካሁት ነው የመሰለኝ። አሮጊቷንም ወደድኳት፤ ነገረኛ ናት።»

«እሺ ሸነገልሽኝ። አሁን መርዙን አምጪው።»

«ገዳይዋ የልብስ ቁልፍ ሻጯ እንደሆነች አሥረኛው ገጽ ላይ ነቅቼባታለሁ። ላቧን ስንቴ ነው የምትጠርገው? ለሟቹ ደግሞ የሚያለቅስ ጠፋ! ሬሳ ተጋድሞ ስለ ኬክ ያወራሉ። መጨረሻው ይባስ፤ ገዳይዋ ተናዳ የሠራችው ሹራብ ዓይኑ፣ የክሩ ቀለበት ሁሉ፣ ጠብቆ ተገኘና ተያዘች? ክር ይናገራል እንዴ? ሙች አክስቴ፣ ማን ያምንሻል?»

አክስቷ ሹራቡ ላይ አቀርቅራ ቀረች። «አፌ ይዋሻል፤ እጄ ግን አልቻለበትም» አለች ብቻ።

ያን «ሙች» ያለችውን ቅመም አሁን ብትመልሰው በወደደች።

ሹራቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊው መሀል እንደ ቀበቶ የዞረ አንድ የጠበቀ መስመር አየች፤ ዓይኖቹ መርፌ እንኳ አያሳልፉም። አስታወሰች፤ አክስቷ ቧንቧ ሊጠግን ከመጣ ሠራተኛ ጋር የተጨቃጨቀች ዕለት የሠራችው ነው። ከዚያ በላይና በታች ግን ሁሉም እኩል ነው።

መጽሐፉ እውነቱን ነው!

እንግዲህ አረንጓዴው ቀረ። ተናዳባት ከነበረ እዚያ ተጽፏል። ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ሰደደች።

ላላ ያለ ነው። ከሰማያዊው ሁሉ የላላ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ እንደሠራችው ወጣ ገባ የሚል። ሦስተኛው ረድፍ ላይማ አንድ ዓይን አምልጧት ቀዳዳ ሆኗል። ለአንድ ዓይን ሙሉ እጅጌ የምትተረትር ሴት ይህን አይታ ትታው፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ጨምራለች።

ለካ ያን ዕለት አቀርቅራ ስትስቅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በበሩ ብቅ አለች። «የኔ ልጅ፣ ቀዳዳ አለው መሰለኝ። ልድፈነው?»

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ቅመም፤ ትንሿን ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ።