ቁጥር አንድ፣ መስዑድ ቤት የሰማሁት

በሰባ ሦስት ጳጉሜ፣ መስዑድን ከሚኤሶ ይዘው በወሰዱት ማግስት፣ ጆሮ ጠቢው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ ብዬ ማልኩ። አጥናፉ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ነገሩን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

የወባ ሠራተኛ ነበርኩ። ትውልዴ ጎጃም፣ ምድቤ አሰበ ተፈሪ። ፓምፕ በጀርባዬ አዝዬ ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ በየቤቱ እየገባሁ ዲዲቲ እረጫለሁ። ይልቃል የሚለውን ስሜን ማን ያውቀዋል? ከመንደሩ ጫፍ ብቅ ስል "ወባ መጣ!" ነው የሚባለው። ወባ ሲመጣ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ድስቱ፣ ከአልጋ ሥር የተሸጎጠው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከተረጨ በኋላ ደግሞ ግድግዳው እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አይገባም። ባለቤቱም እኔም ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። እንግዲህ የሰው ጓዳ እንደኔ ያየ ማን አለ? የነፍስ አባትም አላየም።

የኔ ዓይን ግን ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል የሚፈልገው ካሴት ነው። ሙዚቃ ሲሉኝ ነፍሴን አላውቅም። "ዝም ብለን ከምንቀመጥ እስቲ ቴፑን ክፈቱት" እላለሁ፣ ይከፈታል። ገለምሶ የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ሰማሁ፣ በዴሳ የህንድ ፊልም ዘፈን፣ ሂርና ቫዮሊን የበዛበት የሱዳን ሙዚቃ። ሚኤሶ ባቡሩ ከጅቡቲ የሚያመጣው አለ። አማርኛውማ የትም አለ፤ ክራሩም፣ ጡሩንባውም።

ታዲያ በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ የዓመቱን ምርጥ ካሴቶች ከአንድ እስከ አሥር በደረጃ እጽፋለሁ። ወረቀት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የምጽፈው የት ነው? በሥራ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነዋ። ከፊት ያለው የመንግሥት ነው፦ የቤት ቁጥር፣ የባለቤት ስም፣ የክፍል ብዛት፣ ተረጨ አልተረጨ። ከኋላ ያለው የኔ ነው። ልማዴ ሆኖ የሰማሁበትንም ቤት እጽፋለሁ፤ ቤቱን ካልጻፍኩ ዜማው ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ጳጉሜ አንድ ቀን ለአጥናፉ አነብለታለሁ፣ እሱም የራሱን ያነብልኛል፣ ከዚያ እስከ ዘመን መለወጫ ስንጨቃጨቅ እንሰነብታለን። አጥናፉ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከማሲንቆ በቀር ሌላውን ሁሉ ጩኸት የሚል ደረቅ ሰው ነው። ግን ወዳጄ ነበር።

የዚያ ዓመት ቁጥር አንድ ከመስዑድ ቤት ተገኘ።

መስዑድ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ መጀመሪያ እርስዎ ስለው "አቦ፣ እኛ ስንት ነን? አንተ በለኝ" ብሎ ሳቀብኝ። ነሐሴ ላይ ቤቱን ረጭቼ ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ካሴቶቹን አንድ በአንድ አሰማኝና አንዲቱን፣ ስም ያልተጻፈባትን፣ ለብቻ አስቀራት።

"ያቺስ?" አልኩት።

"ዘፈን አይደለችም። ደብዳቤ ነች።"

እናቱ ከጅቡቲ የላከችለት ነው። መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ እንደዚያ አገር ሰው ካሴት ላይ ተናግራ በባቡር ሰደደችለት። በሶማሊኛ ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ ሰላም አለች። ከዚያ ዝም አለችና፣ ማንም ሳይለምናት፣ ልጆቿን ስታስተኛ ትዘፍን የነበረውን ዘፈነች። አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ደረቴ ሞላ፣ ዓይኔም ሞላ፣ ምን ልበላችሁ! አልቅሼ አላውቅም ነበር፣ በዲዲቲው አመካኘሁ። መስዑድ አይቶኛል። እናቱ ሚያዝያ ላይ እንደሞተች የነገረኝ ያኔ ነው። ፎቶዋ እንኳን የለውም፤ ያለችው ካሴቷ ውስጥ ብቻ ነው።

ለመንኩት። አስተማሪ ወዳጄ ቴፕ ያውሰኛል፣ ልቅዳት ስለው ለሁለት ቀን አዋሰኝ። አጥናፉ ቴፑን ይዞ መጣ፣ የኔን ከሱ ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ በር ዘግተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ቀዳናት። ሲያልቅ ማሲንቆ ብቻ የሚወደው አጥናፉ "ይህቺስ አንደኛ ናት" አለ። ዋናውን ለመስዑድ መለስኩ። ጳጉሜ አንድም ዝርዝሬን ከቃሌ አነበነብኩለት። ደብተሩን ነሐሴ ሠላሳ አስረክቤው ነበር።

ጳጉሜ ሁለት ቀን አጥናፉ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወረቀት እያጠፈ ሲወጣ አየሁት። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ወይም የደነገጠ መሰለኝ። ጳጉሜ ሦስት መስዑድ ተያዘ። ከሚኤሶ የመጣ ሾፌር ነው ወሬውን የነገረኝ፤ የሶማሊኛ ካሴት፣ የጠላት ቅስቀሳ ተብሎ። የሶማሊያ ጦርነት ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ ነገር የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ ይውጣ አይውጣ፣ የሚያውቅ አልነበረም።

ወረቀቱ ምንድን ነው? ለምን ደነገጠ? "ይህቺስ አንደኛ ናት" ያለውስ ሊያናግረኝ ቢሆንስ? ያንን ቀን ስንት ነገር ቆጠርኩበት መሰላችሁ! አምና የከተማው መሃይምነት ማጥፋት ኮሚቴ ውስጥ የገባው በምን ምክንያት ነው? ከውይይት ክበብ ሲመለስ ለምን ዝም ይላል? ሰላም ሲለኝ "ደህና" ብዬ በሬን ዘጋሁ። በግድግዳው በኩል ሲያስል ብሰማ እንኳን ሆን ብሎ ነው አልኩ።

ከዚያ ካሴቷ ትዝ አለችኝ። መስዑድን የጠቆመ እኔንስ ምን ያግደዋል? አሁን መጥተው ቢያገኙብኝ? ልሰብራት አስቤ ስባሪው ይታያል አልኩ። ልቅበራት ብል ግቢው የጋራ ነው። ራዲዮኑን ከፈትኩ፣ የሰልፍ ማርሽ ይዟል። ካሴቷን ቴፑ ውስጥ ከትቼ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ገለበጥኩ። ሁለቱንም ገጽ ማርሽ ሞላሁበት። ሲያልቅ እፎይ አልኩ፤ እፎይ ማለቴን አልደብቅም።

አጥናፉን ግን አልተውኩትም። አፌ መቼ ያርፋል? ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፣ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ነገርኳት። "ከዚያ ሰው ተጠንቀቁ፣ ጆሮ አለው።" መስከረም ሳያልቅ አስተማሪዎች ክፍል አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሻይ ቤት ሲገባ ጨዋታው ቀጥ ይላል። አንድ ቀን በሬን አንኳኳ።

"ይልቃል፣ ምን በደልኩህ?"

"አንተ ታውቃለህ።"

ትክ ብሎ አየኝ፣ አንዲት ቋጠሮ ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ስኳር ነበር። ኋላ ሲገባኝ፣ ጳጉሜ ሁለት ቀን ከቀበሌ ያወጣው ወረቀት የሁለታችን የስኳር ራሽን ነው፤ ለበዓል ሊያስደንቀኝ ነበር መሰለኝ፣ እኔ መቼ በሬን ከፍቼለት። እንኳን ያኔ ሊገባኝ፣ በስኳር ሊደልለኝ ነው አልኩ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ዝውውር ጠይቆ ገለምሶ ገባ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አዲስ ደብተር ልወስድ ቢሮ ሄድኩ። ተቆጣጣሪያችን ጓድ መኮንን ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ተነሥቶ ጨብጦኝ አያውቅም።

"ጓድ ይልቃል፣ ዝርዝርህ እኮ ከላይ ድረስ ተመሰገነ!"

"የቱ ዝርዝር?"

"ደብተርህ መጨረሻ ላይ ያለው ነዋ። በማን ቤት ምን ካሴት እንዳለ፣ ከነደረጃው። የሠራተኛ ንቃት ማለት ይህ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ያልካቸውን አጣርተናል፣ የህንድና የሱዳን ናቸው፣ ቀላል ነው። አንደኛው ግን እውነትም አንደኛ አደገኛ ሆኖ ተገኘ።"

ጠረጴዛውን ያዝኩ። "ደረጃው የአደገኛነት አይደለም" አልኩ፣ "የ... የማማር ነው። ዘፈን ነው ጓድ። የሰውዬው እናት ናት።"

ፈገግ አለ። "እንግዲያው ይህንን ሄደህ ለመርማሪዎቹ ንገራቸዋ። እግረ መንገዳቸውን አንተንም ይጠይቁሃል። የጠላት ዘፈን እንዴት አማረህ ይሉሃል።"

አዲሱን ደብተር አቀበለኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። አልሄድኩም። ፈሪ ነኝ፣ ያን ቀን ነው የፈሪነቴን ልክ ያወቅሁት። በመንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ለምን እንደሚቸኩል፣ ዕቃውን ሲያወጣ ካሴቱን ለምን ጨርቅ እንደሚያለብስ ያኔ ገባኝ። በየቤቱ የሚገባ፣ የሰው ጓዳ ደጅ የሚያስወጣ፣ አይቶ አይቶ ደብተር ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። አገሩ ሁሉ ሲጠረጥረው እሱ ብቻ አላወቀም። ለአጥናፉ ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ።

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ መስዑድ ከጭነት መኪና ወርዶ ግቢዬ በር ላይ ቆመ። ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል። በግራው ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ካሴት ይዟል።

"አቦ ይልቃል! ደህና ነህ?"

"መስዑድ..." አልኩ። ወንበር ሰጠሁት። "ደብተሩ የኔ ነው" አልኩት። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወድጄ አይደለም፣ ረስቼ አስረክቤው..."

"አውቃለሁ። አንብበውልኛል እኮ።" ሳቀ፣ ወላሂ ሳቀ። "'ቁጥር አንድ፣ መስዑድ ቤት የሰማሁት። ከበሮ የላትም፣ ጊታር የላትም። ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ ትበልጣለች። መጨረሻ ላይ ታስላለች፣ ሳሏንም ወደድኩት።' በቃሌ ይዤዋለሁ። ይሄን የጻፈ ሰው ጆሮ ጠቢ አይደለም አልኩ በልቤ። ቅጂ ያለው ሰው አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኳቸው። ደጋግመው ጠየቁኝ።" የታሰሩትን ጣቶቹን አየ። "የለም ነው ያልኩት። የኔን ካሴት አቃጠሉት። ግድ የለም፣ ይልቃል ጋ አለች አልኩ። ሌሊቱን በዚያ ነው የቻልኩት።"

አዲሱን ካሴት ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። "ያንተን አልወስድም። በዚህ ቅዳልኝ። መጀመሪያ ግን አሰማኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። እጄ ግን ካሴቷን አውጥቶ ቴፑ ውስጥ ከተታት። ማርሹ ጀመረ፦ ጡሩንባ፣ ከበሮ፣ ጡሩንባ። መስዑድ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

"ከዚህ በኋላ ነች?"

ድምፁን ዝቅ አደረግኩት።

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ። ግድግዳ እስኪደርቅስ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ የለ?"

አንደኛው ማርሽ አልቆ ሌላው ጀመረ። "ደምስሻታለሁ" አልኩ። "ሁለቱንም ገጽ። ይዘውህ በሄዱ ማግስት።"

መስዑድ በደህናው እጁ ቴፑን አጠፋው።

"ማንን ፈርተህ?"

"አጥናፉን። እሱ የጠቆመህ መስሎኝ።"

"ያ ቴፑን ያዋሰህ አስተማሪ? ወዳጄ ያልከኝ?"

"እሱ።"

"እኔ ስምህን ደብተሩ ላይ አይቼው" አለ ቀስ ብሎ፣ "አንተን አልጠረጠርኩም።"

ተነሣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ፣ ቢመታኝ በወደድኩ። ወደ መኪናው ሲሄድ እስከ በሩ ሸኘሁት፣ "ግባ፣ ብርድ ነው" አለኝ። አዲሱን ካሴት ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር የሄደው። ላስቲኩ እስካሁን አልተቀደደም።