የጋሼ ሙህዲን አቤቱታ

ጭድ ተራ አንድ ግቢ ውስጥ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት ጋሼ ሙህዲን የነዳጅ ሰልፍ ሲያንገሸግሻቸው የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። እሳቸውን አይተው አራት የግቢው ነጋዴዎች ተከተሏቸው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት አምስቱም ግቢው ውስጥ ያቆሙና ባንድ ጊዜ ቻርጅ ይሰካሉ።

በዚያው ሰሞን መብራት አመል አወጣ። ረፋድ ላይ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ የጎረቤታቸው የሀጅራ የጥልፍ ማሽን ያቃስትና ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ለሙሽራ ቀሚስ የምትጠልፈው አበባ መሃል ላይ ተንጋደደ። ሀጅራ ቀሚሱን ታቅፋ ስታለቅስ ጋሼ ሙህዲን አንጀታቸው አልቻለም።

«እኔ እያለሁማ አታለቅሺም! የመብራት ሰዎች ናቸው የሚጫወቱብን» አሉ።

ሦስት ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞረው አርባ ፊርማ አሰባሰቡ። አቤቱታውን ከማስገባታቸው በፊት ግን ማስረጃ ይኑረን ብለው፣ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሐመልማል የምትባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ራሳቸው ጠሩ።

ሐመልማል ወደ ሀጅራ ሱቅ ገብታ ለካች። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት መሆን ሲገባው መቶ ሰባ ነው።»

«ጻፊው! ጻፊልኝ!» አሉ ጋሼ ሙህዲን በደስታ።

እሷ ግን ሽቦውን ተከትላ ግቢ ወጣች። መኪኖቹን አንድ በአንድ ነቀለች። አምስተኛው ሲነቀል የሀጅራ አምፖል ቦግ አለ።

«ይሄ ጥቁሩ መኪና የማን ነው?» አለች ሐመልማል።

ጋሼ ሙህዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቻይና ነው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ አይደል እንዴ?» አለች ሀጅራ።

«መስመሩ አምስቱን ባንዴ አይችልም» አለች ሐመልማል። «ማሽኑ አሁን ካልሠራ ሥራው ይበላሻል። መኪናው ግን ቆሞ ነው የሚውለው፤ በየትኛውም ሰዓት ቢሞላ ግድ የለውም። አንድ በአንድ በተራ ስኩ። ማሽኑ ለምሳ ሲያርፍ ደግሞ ሁለት ሁለት ስኩ።»

ጋሼ ሙህዲን አቤቱታውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከሰዓት በኋላ ካላቸው ሐር ምርጡን ቆርጠው ሀጅራ ዘንድ ሄዱ። «ለሙሽራዋ እንደ አዲስ ጀምሪላት» አሉና፣ ሐሩን ማሽኑ አጠገብ አስቀምጠው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«እርስዎ ባይጮሁልኝ ማን ያውቅ ነበር?» አለቻቸው። እየቀለደች ይሁን ከልቧ ሊገባቸው አልቻለም።

ተራው ተያዘ፤ ማሽኑም ሳይቆራረጥ መሥራት ጀመረ። በሳምንቱ ከአምስቱ ባለ መኪኖች አንዱ የሆነው ሰሚር ከተራው ውጭ ረፋድ ላይ መኪናውን ሲሰካ ጋሼ ሙህዲን ደረሱበት።

«ሰሚር! ሰው የሚሠራበት ሰዓት መሆኑ ይጠፋሃል? ትንሽ እንኳ ለጎረቤት አይታሰብም?» ብለው ግቢውን በጩኸት አናወጡት።

ሀጅራ አፏን በሻሿ ሸፍና፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥልፏን ቀጠለች።