ሁለተኛው ማንኪያ

ሽማግሌው የመጀመሪያውን ማንኪያ ውሃ እንዳለ በሲስተር የሺመቤት ጋዋን ላይ እፍ ብለው ረጩት።

"ተፉት" አለች ሲስተሯ፣ እስክሪብቶዋን እያወጣች።

"ኧረ አልተፋም! እንዳትጽፊው!" አይናለም ከአልጋው ማዶ ብድግ አለች። "አባቴ መረቀሽ እኮ ነው! በእኛ በበናዎች ዘንድ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ጉንጭ ረጭቶ ይመርቃል። የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው።"

ሲስተሯ አላመነቻትም። እንዴት ትመናት! ሽማግሌው የገቡ ዕለት "በአፍ ምንም አይሰጥ" የሚል ወረቀት ከአልጋው ራስጌ ለጥፋ ሳትጨርስ፣ አይናለም በቡና ገለባ የሚፈላውን ሸፈሮ በቅል ደብቃ ስታስገባ በር ላይ ይዛታለች።

አይናለምም ብትሆን አላመነቻትም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የመታቸውን አባቷን፣ አቶ ዳርጌን፣ ጂንካ ሆስፒታል ድረስ ብታመጣቸው ሦስት ቀን በግሉኮስ ብቻ አስተኟቸው። አሁን ደግሞ መዋጥ ካቃታቸው በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ እናስገባለን ይሏታል። ቀይ አፈር ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ የገባለት ጎረቤት ነበራቸው፤ ቤቱ የደረሰው አስከሬኑ ነው። የገደለው ቱቦው ነው ብላለች፤ ማንም ሐሳቧን አያስለውጣትም።

"እሺ፣ ምርቃቱን ተቀብያለሁ" አለች ሲስተሯ ፊቷን ሳትፈታ። "ሁለተኛውን እንይ።"

ሁለት ጣቷን ጉሮሯቸው ላይ አድርጋ ማንኪያውን አቀረበችላቸው። ማንቁርታቸው ወጣ፣ ወረደ። አላሳላቸውም።

"ይኸው! ዋጠ! አላልኩሽም?"

"ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ። አባባ፣ የሆነ ነገር ይናገሩ።"

አቶ ዳርጌ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። ልጃቸውን እያዩ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?"

"ቤቴ ውሰጂኝ ነው የሚለው።"

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። "አንዳንዱ ሰው ሳያስለው ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል። ያኔ ድምፁ ይንቦጫረቃል። እኔ ደግሞ ቋንቋችሁን አልሰማም። ይሄ የምሰማው የቋንቋው ይሁን የውሃው አልለየልኝም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚናገሩት?"

አይናለም መውጫ ታያት። እኮ! አንዲት "አዎ" ብቻ! ቋንቋችን እንዲህ ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ቱቦውም ይቀራል፣ አባቷም የለመዱትን ይጠጣሉ። ሲስተሯ አሁንም እየጠረጠረቻት እንደሆነ ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ግን ከእሷ ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።

"አባዬ፣ እስቲ ድገመው" አለቻቸው በቋንቋቸው።

ደገሙት። እኚህ ሰው ከጋራ ማዶ ከብት ሲጣሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማቸው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ቃል ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የወጣ ይመስላል። አይናለም ፈራች። ቱቦውን ፈራች፣ ሲስተሯንም ፈራች፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ያንን ድምፅ ፈራች።

"ሲስተር" አለች፣ "ቋንቋችን እንዲህ አይደለም። ውሃው ነው።"

የሺመቤት ወረቀቷ ላይ ጻፈችና ቱቦውን ልታመጣ ተነሳች።

"ግን ስታስገቢለት" አለች አይናለም የአባቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"