ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ደብዳቤው የመጣ ቀን እኔና ባለቤቴ ማቢንቲ ከግቢው የማንጎ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። የኪንዲያ ከተማ የባህል ቡድን ያኔ ሠላሳ አንድ ሰው ነበርን። ዳይሬክተራችን ሽማግሌው አልሴኒ ባንጉራ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡልን። መንግሥት ለኪነ ጥበብ የሚመድበውን በጀት ስለቀነሰ ቡድኑ ከአሥራ አራት ሰው በላይ ማስቀረት አይችልም። ደሞዝ የሚከፈለውም ከአንድ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኛን አየ። በቡድኑ ውስጥ ያለነው ባልና ሚስት እኛ ብቻ ነን።

ትልቁን ከበሮ የሚመታው ናቢ ዝምታ አይችልም። «መላ አለኝ» አለ። «ዛሬውኑ ተፋቱ። ሁለት ቤት ትሆኑና ሁለታችሁም ትቀራላችሁ። ደሞዝ ሲወጣ ደግሞ ትጋባላችሁ፤ እኛም ሩዝ እንበላለን።»

«አንተን ማን አማከረህ?» አለችው ማቢንቲ።

ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን አሥራ ሰባት ሰው ከዚያ ዛፍ ሥር ተነስቶ እስከ መጨረሻው ሊሄድ ነውና ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ «አንቺ ቅሪ» አልኳት።

«ምን ማለትህ ነው? አንተ ነህ የምትቀረው።»

«ከበሮ መቺ ሰርግ አያጣም። አንቺ ግን ሰርግ ላይ ብትጨፍሪ ማን ይከፍልሻል? ቅሪ ብያለሁ።»

ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ግንባሯ ላይ አስደገፈቻቸው። «እንዳንተ ያለ ባል ማን አለው?» አለች፤ እንባዋ መዳፌ ላይ ወረደ።

እውነቱን ልናገር። ያን ያልኩት በደግነት ብቻ አልነበረም። ሆዴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። እኔ ከሌለሁ ማቢንቲ ብቻዋን የምትጨፍረው ጭፈራ አይቆምም፤ ወር ሳይሞላ አልሴኒ ባንጉራ ደጄ ላይ መጥተው ይለምኑኛል ብዬ ነበር። በእኛ ዘንድ ጨፋሪ እርምጃዋን በራሷ አትቀይርም። መሪው ከበሮ አጭር ምት ይመታል፤ ጥሪ እንለዋለን። ጥሪውን ስትሰማ ትቀይራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማቢንቲን የጠራኋት እኔ ነኝ። ትከሻዋን አይቼ አውቃለሁ፣ እጄን ሰምታ ታውቃለች። ሰውም «ሶሪባ ሚስቱን በከበሮ ያነጋግራታል» ይል ነበር። እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

በእኔ ቦታ መሪ ከበሮውን የያዘው ከርፋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከፎሬካሪያ የመጣ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ጨዋ ልጅ። የሚከፈለው ከእኔ ያነሰ ስለነበረ አስቀሩት።

ቤታችን ከቡድኑ ግቢ በሁለት አጥር ብቻ ነው የሚርቀው። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ከበሮ ቆዳ እየወጠርኩ ልምምዱን እሰማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከርፋላ ተደናበረ፤ ጥሪው አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይጣደፋል። ያን ሳምንት ምግብ ተስማማኝ። ማቢንቲ ደክሟት ስትመጣ «አይዞሽ፣ ይለምዳል» እላታለሁ፤ በውስጤ ግን እንዳይለምድ እመኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ለመደ።

ያኔ ወሬዋ ሁሉ ከርፋላ ሆነ። «ዛሬ ከርፋላ ምን ቢል ጥሩ ነው?» ትላለች ጫማዋን ሳታወልቅ። ከርፋላ እንዲህ አለ፣ ከርፋላ እንዲህ አደረገ። ለወጥ የካሳቫ ቅጠል ስትወቅጥ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ወገቧ ላይ አዲስ ጨሌ አየሁ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«አሮጌው ተበጠሰ።»

«መቼ ተበጠሰ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሶሪባ፣ ጨሌ የሚበጠስበት ቀን ይመዘገባል እንዴ?»

ደጃችን ላይ ሙዝ እየጠበሰች የምትሸጠው ጎረቤታችን ያሪም አልማረችኝም። «አንቺ ማቢንቲ አማረባት እኮ!» ትላለች ለገበያተኛ እንደምታወራ አድርጋ፣ እኔ እንድሰማ። «ባልየው ደግሞ ከሳ። ሥጋውን ለሷ አዋሳት መሰለኝ።»

አንድ ማለዳ አላስችል አለኝ። ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ አለ፤ ጎማ የማስጠግን መስዬ እዚያ ቆምኩ። ከአጥሩ ወዲያ ከርፋላ ይመታል፣ የማቢንቲ እግር ይሰማኛል። ጥሪው የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ከርፋላ እጁን ያዝ አደረገ። አልጠራትም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለና ጠበቃት። በዚያ ዝምታ ውስጥ ማቢንቲ ሳቀች። ከዚያ ጠራት፤ እሷም ቀየረች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ስትጨፍር ስቃ አታውቅም።

አልጋ ውስጥ ባገኛቸው ኖሮ ቢያንስ የምለው ነገር ነበረኝ። ይህ ግን ለማን ይነገራል? ጠጋኙ «አባቴ፣ ጎማው የታል?» ሲለኝ ነው ባዶ እጄን መቆሜን ያወቅሁት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አልሴኒ ባንጉራ በእርግጥም ደጄ ላይ መጡ። ሰው ሊለምን የሚሄድ የሚይዘውን የኮላ ፍሬ ይዘው ነበር። የመጡት ግን እኔን ሊመልሱኝ አልነበረም።

«ከዋና ከተማው ከኮናክሪ አንድ የመንግሥት ሰው ይመጣል» አሉ። «በሚቀጥለው ዓመት በጀት የትኛው ቡድን እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚዘጋ አይቶ ይጽፋል። የማቢንቲን የድሮውን ጭፈራ እስከ መጨረሻው ልናሳየው ነው። ልጁ ስድስቱን ጥሪ ያውቃል። ሰባተኛውን አያውቅም።»

ሰባተኛው የመጨረሻው ነው። እየተሽከረከረች ትቆይና ሁለቱም እግሮቿ መሬት ሲነኩ እጠራታለሁ፤ ያኔ ዘላ በጉልበቷ ታርፋለች። ጉልበቷን ስለሚጎዳ በልምምድ ላይ ፈጽሞ አንሠራውም ነበር። በትዕይንት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ጥሪ የት ቦታ እንደሚወድቅ የሚያውቀው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

«አስተምረው» አሉ ሽማግሌው። «የምንከፍልህ የለንም። በወንድምነት ነው።»

«በደስታ» አልኩ።

ከርፋላ በየማለዳው አናናስ እየያዘ ይመጣ ጀመር። ከእኔ ዝቅ ብሎ ካልሆነ አይቀመጥም። «እርስዎ እኮ ለእኔ ታላቅ ወንድሜ ብቻ አይደሉም» ይላል። «ልጅ እያለሁ ፎሬካሪያ መጥታችሁ ስትመቱ አይቼ ነው ከበሮ የያዝኩት።» ሌላ ጊዜ ይህ ያኮራኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ልጁ ጥሩ በሆነ ቁጥር ይብስብኝ ነበር። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ስድስቱን አቃናሁለት። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ እጄ ለአፍታ ቆመ።

«እዚህ ላይ ነው» አልኩት። ከቦታው ቀደም አድርጌ መታሁለት። እሷ ገና በግራ እግሯ ላይ ስትዞር የሚወድቅ ጥሪ።

ከርፋላ ግንባሩን ቋጠረ። «ታላቄ፣ አይፈጥንም? እግሯ…»

«ከሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የመታሁ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ይቅርታ» አለና ደገመው። እኔ እንዳሳየሁት ልክ አድርጎ ደገመው።

ብትወድቅስ ብለህ እንዴት አላሰብክም ትሉኝ ይሆናል። አስቤ ነበር። ትደናቀፋለች፣ ሰው ሁሉ ልጁን ያያል፣ ከዚያ «ሶሪባ የት አለ?» ይባላል፤ እስከዚያ ድረስ ነበር ሐሳቤ የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ አላሳለፍኩትም።

ትዕይንቱ የሆነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች አዳራሽ ነው። የኮናክሪው ሰውዬ ፋይሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ በር አጠገብ ቆምኩ። ማቢንቲ ስትወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ስድስቱ ጥሪዎች እንዴት እንዳለፉ ልናገር አልችልም፤ እኔ እንኳ ቅናቴን ረስቼ ነበር። ሽክርክሪቱ ሲጀምር ግን አስታወስኩ። ወደ ፊት ሮጬ «ተው!» ልል እግሬን አነሳሁ፤ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር።

ጥሪው ወደቀ። ማቢንቲ በአንድ እግሯ ላይ ነበረች። ሰውነቷ ለጥሪው መታዘዝ ለምዷልና ታዘዘች። ወደ ጎን ተጣመመች፣ በእጇ መሬት ያዘች፣ በቀኝ ጉልበቷ ክፉኛ አረፈች። ወዲያው እጇን ዘርግታ የጭፈራው አካል አስመሰለችው። ሰዉ አጨበጨበ። ሰውዬውም አጨበጨበ።

እሷ ግን ከርፋላን አላየችም። ከሰዉ ራስ በላይ አሻግራ የኋላውን በር አየች። እኔን አየችኝ።

ሰውዬው ሩዙን በልቶ ከሄደ በኋላ አልሴኒ ባንጉራ በሁሉም ፊት ከርፋላ ላይ ጮኹበት። «ጆሮህን ምን ነካው? ሴትዮዋን ልትሰብራት ነበር እኮ!»

ከርፋላ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ገብቶታል። አንድ ቃል ቢናገር ያበቃልኝ ነበር። «ተሳስቼ ነው» አለ፤ ከበሮውን አንስቶ ወጣ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ከበሮ እንዲወርድ ተወሰነ።

ቤት ስደርስ ማቢንቲ ጉልበቷን በጨው ውኃ እየታጠበች ነበር። ጨርቁን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«ያን ጥሪ አውቀዋለሁ» አለች። «ሁለት ጊዜ እንዲያ ጠርተኸኛል። አንዴ ማሙ ከተማ ላይ፣ አንዴ እዚሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተኳርፈን ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እያልኩ ኖርኩ።»

እነዚያን ሁለት ቀናት አላስታወስኩም ነበር። ስትናገር አስታወስኩ።

«ቀናሁ» አልኳት።

«በከርፋላ? በዚያ ልጅ? ሚስቱ እርጉዝ ናት እኮ!»

«በሱ አይደለም። ስትስቂ ሰማሁ። ሲመታልሽ ሳቅሽ።»

ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

«ይጠብቀኛል» አለች። «ዝግጁ መሆኔን እስኪያይ ይጠብቀኛል። አንተ ጠብቀኸኝ አታውቅም፣ ልደርስብህ ስሮጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ቅናትን ለብቻህ የተሰጠህ አይምሰልህ። በጨፈርኩ ቁጥር ሰው ምን ይላል? ‘ሶሪባ እንዴት ያስጨፍራታል!’ አሥራ አንድ ዓመት። እግሩ የኔ ነው፣ ላቡ የኔ ነው፣ ስሙ ግን ያንተ። አንተ ስትወጣ አለቀስኩልህ፤ በማግስቱ ብቻዬን ስቆም ግን ደስ አለኝ። አፍሬ አልነገርኩህም።»

በማግስቱ ወደ ግቢው ሄጄ በማንጎው ሥር፣ ከርፋላም ባለበት፣ ያደረግሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ናቢ እንኳ አልቀለደም። አልሴኒ ባንጉራ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «መንግሥት በጀታችንን ቢቆርጥ አያውቀንም እንላለን» አሉ። «አንተ ግን ታውቀን ነበር። ከእንግዲህ ይህን በር አታልፍም።» ከርፋላ ወደ መሪ ከበሮው ተመለሰ። ይቅርታ ስለው እጄን ጨበጠ፤ አናናስ ይዞ ግን አልመጣም።

የኮናክሪው ደብዳቤ ክረምቱ ሲገባ ደረሰ። ስለ ጭፈራው አንድም መስመር የለበትም። የሚቀረው ሰው ቁጥር ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት የተቆረጠ መሆኑን ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ራሱ ይናገራል። ዘጠኝ ሰው ይቀራል። ናቢ ተቀነሰ። ማቢንቲና ከርፋላ ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው።

ጉልበቷ እስኪድን በየማለዳው በሞተር ሳይክሌ የማደርሳት እኔ ነኝ። ከበሩ ላይ አቆማለሁ፤ ማለፍ አልችልም። ከርፋላ ወጥቶ ክንዷን ይዞ ያስገባታል። የለመድኩት ቅናት ያን ጊዜም ብቅ ይላል፤ ሲነክሰኝ ይሰማኛል።

ትናንት ከርፋላ እሷን አስገብቶ ወደ በሩ ተመልሶ መጣ። «ሚስቴ ወንድ ልጅ ወለደች» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እሑድ ስም እናወጣለን። ከበሮ የሚመታልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ማቢንቲ ትጨፍራለች?» አልኩት።

«እሷ እንግዳ ናት፤ ትቀመጣለች። እኔም እቀመጣለሁ። እርስዎ ይምቱልን።»

እመጣለሁ አልኩት። ከአጥሩ ወዲያ ልምምዱ ሲጀመር ሞተሩን አስነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።