ለጨዋታ የተፈለገው ሰው

መነጽር ሠሪዋ ተሳስታ አታውቅም ቢባል ማጋነን ነው፤ ስህተቷን አምና አታውቅም ቢባል ግን እውነት ነው። አዘቦቱን ሌንስ ስትሞርድና የተጣመመ ፍሬም ስታቃና ትውላለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ከኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል ትገባና፣ ማንም ጤነኛ ሰው የማይፈልገውን ነገር ስትፈልግ ታመሻለች። ባልንጀሮቿ «ሥራ ፈት» ይሏታል። እሷም «የምፈታው እንቆቅልሽ ነው» ብላ ትመልሳለች፤ ቀልዷ ካረጀ ቆይቷል፣ ግን አልተወችውም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። «ጠያቂው» የሚባል፣ መልኩን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው በየቅዳሜው ኢንተርኔት ላይ አንድ ጥያቄ ይለጥፋል። መልሱ አንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። ግማሹ ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ሌላው ከካርታ፣ የቀረው ደግሞ ባለቤቱ ከረሳው ድረ ገጽ እየተለቀመ ይገጣጠማል። ጠያቂው ተንኮለኛ ነው። ራሱ ጽፎ፣ ያረጀ አስመስሎ የሚደብቃቸው ገጾች አሉት፤ አንዴማ የሌለ ሆቴል ከፍቶ፣ የእንግዶቹን ስሞታ ሳይቀር ጽፎ ተጫዋቹን ሁሉ ጉድ ሠርቶታል። በዱካው መጨረሻ ላይ የኢሜይል አድራሻ አለ። መልስ ሲላክለት ማሽኑ «ትክክል» ወይም «እንደገና ሞክር» ይላል። ሽልማት የለም። የአሸናፊው ስም ከሰንጠረዡ አናት ይሰቀላል፣ አበቃ። ሰው ደግሞ ለስሙ ሲል የማይሆነው የለም።

የእሷ ቡድን ሦስት ሰው ነው። አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ምንም ነገር ስለማያሰምጠው ቡሽ ይሉታል። ሌላው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ጋሼ ካርታ ይሏቸዋል። ሦስቱም በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሌንስ ብናኝና በፍሬም ሣጥን መሀል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በዚያ ቅዳሜ ካሸነፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰንጠረዡ አናት ሊወጡ ነበር።

ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ሰዓት ሠሪው ከተማውን ጥሎ ወዴት ሄደ?»

ገጹን ያገኘችው እሷ ናት። የጠፉ ሰዎች ማስታወቂያ የሚለጠፍበት፣ ማንም የማይጎበኘው ያረጀ ሰሌዳ ላይ ነው። ፎቶው ላይ አንድ ሰው ከሥራ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ይስቃል፤ ከፊት ለፊቱ የተበታተኑ ሰዓቶች አሉ። ከሥሩ «ወንድሜ ነው፤ እኔ እህቱ ነኝ። ሰዓት ይሠራል። ግራኝ ነው። ሳይሰናበተኝ ከቤት ወጣ። ያየው ሰው ይጻፍልኝ፣ ወይም ይደውልልኝ» ይላል፤ ኢሜይልና ስልክ ቁጥርም አለው።

«ግራኝ ነው» አለ ቡሽ እጁን እያፋተገ። «ጠያቂው ሰውየውን በከንቱ ግራኝ አያደርገውም። ወደ ግራ እዩ ማለቱ ነው።»

ወደ ግራ አዩ። ከሰውየው በስተግራ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ባሕር ዳር የቆመ፣ ለመርከቦች የሚያበራ ማማ ነው። ጋሼ ካርታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ከስክሪኑ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ማማውን ከሌሎች ማማዎች ጋር ሲያስተያዩ ቆይተው በመጨረሻ የወደቧን ከተማ ስም ተናገሩ። ትክክል ነበሩ፤ ማማው የዚያች ከተማ ነው።

ሌላ ቡድን እንዳይቀድማቸው መነጽር ሠሪዋ ቶሎ ጻፈች፦ «ወንድምሽን አግኝተነዋል። ማማው ያለባት ወደብ ከተማ ውስጥ ነው።» ከሥሩ የከተማዋን ስም ጨምራ ላከችውና እጇን አጣጥፋ «ትክክል» የሚለውን ቃል መጠበቅ ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

መልሱ ሲመጣ እንዲህ ይል ነበር፦ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አይታችሁት ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ከስቷል ወይ?»

ቡሽ ሳቀ። «ጠያቂው ዛሬ ድርሰቱን አሳምሮታል» አለ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ጠያቂው እስከዛሬ ስንት ወጥመድ ሲያጠምድ «ከስቷል ወይ» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ ሌላ ዱካ አይመራም፤ ለጨዋታ የሚረባ ነገር የለውም። ለራሱ ለጠያቂው ጻፈችለትና ገጹ የእሱ መሆን አለመሆኑን ጠየቀች።

«የእኔ አይደለም» ብሎ መለሰ። «የኔ ሰዓት ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ነው። ምን አድርጋችሁ ነው?»

ጋሼ ካርታ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ንጹሑን መስታወት መጥረግ ጀመሩ።

«ዝም እንበል» አለ ቡሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወይ ደግሞ ‹እዚያ ነበረ፣ አሁን ግን ሄዷል› ብለን እንጻፍላት። ቢያንስ አትጎዳም።»

«ላም አለኝ በሰማይ አድርገን ሰጠናት» አለች እህቱ። «አሁን ደግሞ ወተቷን እንጨምርላት?»

«እኔ ልደውል» አሉ ጋሼ ካርታ። «በዕድሜም እንቀራረባለን። ከተማዋን የጠራሁትም እኔ ነኝ።»

«የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቢሆንም አፋፍ ድረስ ወጥቶ ቃሉን መልሶ ማምጣት ያለበት ሰው አለ። ሁሉም እንዲሰሙ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገች፤ ፈርታ ስለነበር የማስታወቂያውን ቁጥር ስትደውል ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ለማታውቃቸው ሴት «አንቺ» ብላ መጻፏ ሳይቀር አሁን አሳፈራት።

«እናቴ፣ ስለ ወንድምዎ የጻፍኩልዎት እኔ ነኝ።»

«ልጄ! ቆይ ልቀመጥ። እሺ፣ ንገሪኝ።»

«እንዳይሄዱ። እኛ ወንድምዎን አላየንም። አንድ ጨዋታ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የተደበቀ ነገር የሚፈለግበት። ማስታወቂያዎ የጨዋታው አካል መስሎን ነው። ከተማዋን ያገኘናት ከፎቶው ላይ፣ ከግድግዳው ሥዕል ነው። እሳቸው እዚያ ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለጨዋታ» አሉ ሴትየዋ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እኔ እኮ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬያለሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ማልቀሳቸውን አልደበቁም። መነጽር ሠሪዋም «አይዞዎት» ለማለት አልደፈረችም። ያስለቀሰ ሰው አይዞሽ ሲል አያምርበትማ። ቡሽ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ያ ሥዕል» አሉ ሴትየዋ ቆይተው። «ፖሊሶቹም ፎቶውን ይዘዋል፣ ዘመድም ሁሉ ይዞታል። ያንን ሥዕል ልብ ያለ ሰው ግን የለም። እኔ ራሴ ፎቶውን ቤቴ ሰቅዬ በየቀኑ እያየሁት ሥዕሉን አላየሁትም። ፊቱን ብቻ ነው የማየው። እናንተ በስንት ጊዜ አገኛችሁት?»

«ከምሳ በኋላ ጀምረን ነው።»

«ከምሳ በኋላ» ብለው ደገሙት፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያውስ ፈልጉልኝ። የምሬን ነው። ለጨዋታ ሳይሆን።»

«ላናገኛቸው እንችላለን፣ እናቴ። ብናገኛቸውም ምናልባት…»

«አውቃለሁ። ሞቶም ሊሆን ይችላል፣ አኩርፎኝም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ግን እናንተ መፈለግ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው መጠበቅ ብቻ ነው።»

ስክሪኑ ላይ የሌላ ቡድን ስም ከሰንጠረዡ አናት ወጣ። ያየው የለም። ጋሼ ካርታ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ፣ ቡሽም ተከተላቸው። መነጽር ሠሪዋ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና፣ «እሺ እናቴ፣ ከቤት ከወጡበት ቀን ይጀምሩልኝ» አለች።

«ከዚያ አይደለም የሚጀመረው» አሉ ሴትየዋ። «እኔና እሱ የተጣላነው ቀደም ብሎ ነው። የጠቡን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»