የአያ የሻው ነፍጥ ውታፍ

የልጇ የፀደይ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰብሌን እንቅልፍ የነሳት ሙሽራዋ አልነበረችም፤ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ነበረች።

በሙጃ ከተማ ዙሪያ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር አያ የሻው ከነነፍጣቸው ይጠራሉ። ነፍጡ ከአያታቸው የወረደ፣ በአፉ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ይጨምሩና አሮጌ ነጠላ ቀደው፣ ጠቅልለው፣ በላዩ ይወትፉበታል፤ ከዚያ በዘንግ ይጠቀጥቁታል። ጥይት የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ብቅ ሲል ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። ችግሩ ውታፉ ነው፤ እየጤሰ ይወጣና ያገኘው ቦታ ይወድቃል። አምና በሰብሌ እህት ቤት ሠርግ የገብስ ክምር ውስጥ ወደቀ። ማንም ሳያየው ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ውሎ፣ ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ ክምሩ ቦግ አለ። የዓመት ገብስ አመድ ሆነ።

የሰብሌ ገብስ ደግሞ ገና አልተወቃም። ክምሩ ከዳሱ አጠገብ ቆሟል።

“አያ፣ ለፀደይ ሠርግ እባክዎ ነፍጡ ይቅር” አለቻቸው ቤታቸው ድረስ ሄዳ።

“ይቅር? ለልጅቷ ሠርግ ነው የምትደግሺላት ወይስ ተስካር?”

“እንግዲያው ጨርቁን ያርጥቡት።”

“አርጥቤ አይቼዋለሁ! ባሩዱም አብሮ ረጠበና ነፍጤ ጉንፋን እንደያዛት ፍየል አስነጠሰ። ያን ቀን የሳቁብኝ ልጆች ዛሬ ወልደው ከብደው እንኳ፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ያስነጥሳሉ።”

ሰብሌ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች። ጭንቀቷ ግን አልዋጥ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ስለበረታ ነጠላዋ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደርባ ለድግሱ እሳት ስታነድ፣ ከምድጃው ፍንጣሪ ተረጨ። ነጠላዋ ላይ ያረፈው ዙሪያውን እየቀላ፣ እየበላ መስፋት ጀመረ፤ በእጇ ጨፍልቃ አጠፋችው። ባናው ላይ ያረፈው ግን የበጉን ጠጉር ቆልምሞ፣ ክፉ ሸትቶ፣ እዚያው ሞተ። ሰብሌ ማገዶዋን እንደያዘች ቀረች። ስንት ዓመት ምድጃ ስር ስትቀመጥ ይህን አይታዋለች፤ አስባበት ግን አታውቅም።

ለፀደይ መዳሪያ ባና ስታሠራ የተረፈ የበግ ጠጉር ነበራት። ጭብጥ አድርጋ ወደ አያ የሻው ገሰገሰች።

“ደግሞ መጣሽ?”

“ፍም ያውጡልኝ አያ። ዛሬ አልለምንዎትም፣ አሳይዎታለሁ።”

ጨርቅና ጠጉር ለየብቻ አድበልብላ ሁለቱንም ፍም አስነካች። ጨርቁ ከፍሙ ከራቀ በኋላም ይጤሳል። ጠጉሩ ገና ከፍሙ ሲነሳ ጠፋ። አያ የሻው አፍንጫቸውን ያዙ።

“ኧረ ይሸታል!”

“ይሽተት! ገብሴ ይትረፍልኝ እንጂ።”

ሽማግሌው ጠጉሩን በመዳፋቸው ጠበቅ ለቀቅ አደረጉት። “ጠቅጠቅ አድርገው ከወተፉት ይይዛል” አሉ ቀስ ብለው። “ወይ ጉድ፣ አንቺ አሁን ነፍጥ ልታስተምሪኝ!”

በሠርጉ ቀን እልልታው ሲቀልጥ ሰብሌ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ክምሩ ስር ተገትራለች።

“አንቺ ሴት” አለ ባሏ ደሳለ፣ “ልጅ እየዳርሽ ነው ወይስ ክምር እየጠበቅሽ?”

“ሁለቱንም። አንተ እንግዳ ተቀበል።”

ሙሽራው ብቅ አለ። ነፍጡ ጮኸ! የመጀመሪያው ውታፍ ዳሱ ላይ ወደቀ። በረጅም እንጨት ገፍታ አወረደችው፤ ጥላሸት ለብሷል እንጂ ጢስ የለውም። ሁለተኛው ግቢው መሃል ወድቆ ዶሮ አስደነበረ። እሱም ቀዝቅዟል። ሦስተኛው ሲተኮስ ንፋስ መጣ፤ ውታፉ የት እንደገባ ጠፋ።

ሰብሌ ክምሩን ዞረችው። እጇን ነዶው ውስጥ እየከተተች፣ እያሸተተች ደግማ ዞረችው። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገቡ። ፀደይ ከዳሱ ውስጥ አንገቷን አስግጋ እናቷን ትፈልጋለች፤ የሁሉም እልልታ ተሰምቷል፣ የእናቷ ብቻ አልተሰማም።

“እናንተ” አለ ወንዴ የሚባለው ሚዜ ጭፈራውን አቋርጦ፣ “የበግ ጭንቅላት የሚለበልብ አለ እንዴ?”

ሰብሌ ጀሪካኗን አንስታ በረረች። “እንዳትነቃነቅ!”

“ኧረ እትዬ፣ ውሃውን እንዳይደፉብኝ! ጋቢው የውሰት ነው!”

ከጀርባው የጋቢውን እጥፋት ገለጠች። የጠቆረች የጠጉር ድቡልቡል እንደ ጫጩት ተሸጉጣ ተቀምጣለች። ሰብሌ ጋቢውን ከትከሻው ገፍፋ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ጥጥ ነው፤ ጨርቅ ቢወድቅበት ኖሮ እስካሁን ወንፊት በሆነ ነበር። ከታች እስከ ላይ ፈተሸችው። ጥቂት ጥላሸት እንጂ አንዲት ቀዳዳ የለውም።

“እልልልልልል!”

ፀደይ ድምፁን አውቃ ሳቀች። ደሳለ እንኳ ደንግጦ ዞረ፤ የሦስት ቀን እልልታ ባንድ ጊዜ ነው የወጣው።

አያ የሻው ነፍጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጠጋ አሉ። “ስሚ” አሉ በሹክሹክታ፣ “ሰው ቢጠይቅ የእኔ ዘዴ ነው እላለሁ።”

“ይበሉ አያ! የፈለጉትን ይበሉ!” አለችና ጀሪካኗን አሸክማቸው ወደ ጭፈራው ገባች።