ከስፌት መኪናው በላይ ያለችው አምፖል

ልብስ ሰፊው አባቴ ጆሮው ከደከመ ወዲህ በር ባንኳኳ አይሰማኝም፤ አትሰማም ካሉት ደግሞ አገር ይያዝልኝ ይላል። ስለዚህ ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ትንሽ አምፖል ፈታሁና በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ገጥሜ፣ ከአሮጌ ስልክ ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝቼ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀልኩለት። ደጅ ያደረግኩትን ማብሪያ ስጫን ትበራለች።

"ሥራህን ሳታቋርጥ ታያታለህ" አልኩት።

"እኔ እሰማለሁ" ብሎ ተኮሳተረ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጣቴን ሳላነሳ በሩ ተከፈተ። ወንበሩ በሩ ሥር ሆኖ ፊቱን ወደ አምፖሏ አዙሯል። ጠዋት የጀመረው ሱሪ መኪናው ላይ እንዳለ ነው።

"ምነው አባዬ፣ ዛሬ አልሰፋህም እንዴ?"

"እንዴት አድርጌ ልስፋ?" አለ ቆጣ ብሎ። "ወደ መርፌው ሳይ ብትመጪስ?"